አክብሮት፦ አንድ ቃልና አንድ ዕዳ

(በማኅበራችን የመገናኛ ዕለት የተደረገ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣



ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ገና «እንዴት ዋላችሁ» ሳልል ክብርን ሦስት ጊዜ ጠራሁ። ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ ከኋላ ተቀምጬ እያዳመጥሁ ነበር። መድረክ መሪያችን «የክብር እንግዶቻችን» አሉ፤ በር ላይ የቆሙት ልጆች «የክብር መዝገቡ ላይ ይፈርሙልን» አሉኝ፤ የጥሪ ደብዳቤው ራሱ «በታላቅ አክብሮት» ብሎ ጀምሮ «ከአክብሮት ጋር» ብሎ ይጨርሳል። በመካከሉ ያለው መልእክት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ እባክዎ ከሃያ ደቂቃ እንዳይበልጡ።

የማኅበራችን ጸሐፊ ደውላ «ጋሼ፣ ስለ ፈለጉት ነገር ያጫውቱን» ስትለኝ ብዙ አላሰብሁም። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ስለ ቃል ካልተናገረ ስለ ምን ይናገራል? ስለዚህ በአፋችን በጣም ከመመላለሱ የተነሣ መስማት ያቆምነውን ቃል መረጥሁ፤ «አክብሮት»ን። የማወራው ግን የቋንቋ ክፍለ ጊዜ ልሰጣችሁ ብዬ ብቻ አይደለም። በዚህ ቃል አንድ ዕዳ አለብኝ። ዕዳውን ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ቃሉን እንየው።

ሥሩ «ከበረ» ነው፤ በግእዝ «ከብረ»። ዘመዶቹ በየጎረቤቱ አሉ። ዐረብኛ «ከቢር» ሲል ትልቅ ማለቱ ነው። ዕብራይስጥ ደግሞ ክብርን «ካቮድ» ይለዋል፤ ይህ ቃል ከክብደት የመጣ ነው፤ ሥሩ ከእኛው «ከበደ» ጋር አንድ ነው። እናትና አባትን ስለ ማክበር የሚናገረው ትእዛዝ በዕብራይስጡ ሲታይ ወላጆችህን ከባድ አድርጋቸው እንደ ማለት ነው። እስራኤል አገር የሚኖሩ ጓደኞቻችን ሰው ሲያመሰግን «ኮል ሀካቮድ» ሲባል ይሰማሉ፤ በመካከላቸው ከበደ የሚባል ካለ የገዛ ስሙን ሥር እየሰማ ነው።

በእኛ ቋንቋ «ከበረ» እና «ከበደ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አሳባቸው ግን ይጎራበታል። የምናከብረውን ሰው ንግግሩ «ክብደት አለው» እንላለን። የማናከብረውን «ቀላል ሰው» እንለዋለን። «ቀለለብኝ» ስንል ከዓይኔ ወረደ ማለታችን ነው፤ «አቃለለኝ» ስንልም ናቀኝ ማለታችን ነው። እንግዲህ አንድን ሰው ማክበር፣ ሲሆን ሲሆን፣ ክብደቱን ማወቅ ነው።

«ከበረ» ሌላም መልክ አለው። አባቶቻችን «ነግዶ ከበረ» ሲሉ ሀብታም ሆነ ማለታቸው ነው። «የከበረ ድንጋይ» ውድ ድንጋይ ነው። ከዚሁ ሥር «ከበርቴ» ወጣ። የእኔ ዘመን ተማሪዎች ይቺን ቃል በደንብ ታስታውሷታላችሁ! አብዮቱ ሲመጣ ከበርቴ ስድብ ሆነ፤ «ክቡር» ከደብዳቤው ራስጌ ወርዶ «ጓድ» ተተካ። አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት የምንለብስ ልጆች ዶርም ውስጥ ስንጣላ «ንዑስ ከበርቴ!» እየተባባልን እንሰዳደብ ነበር። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ያ ቁጣ የተከመረ ገንዘብን ሊያወርድ ተነሥቶ ቃሉን ከነዘመዶቹ አብሮ አወረደው። ሆኖም ሥሩ አልሞተም። እናቶቻችን ዛሬም ውለታ ሲዋልላቸው «ክብረት ይስጥልኝ» ይላሉ። ሀብትም ክብርም በአንድ ቃል ሲመረቅ አያችሁ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የአማርኛ ግስ ፊደል እየጨመረ ሲሄድ ሥራው ይለወጣል። «ከበረ» ስንል ሰውዬው ራሱ ነው የከበረው። «ተከበረ» ስንል ሌሎች አክብረውታል። «አስከበረ» ስንል ሌላው እንዲያከብር ያደረገ አለ፤ ሕግ አስከባሪ፣ ሥነ ሥርዓት አስከባሪ የምንለው ከዚህ ነው፤ አንዳንዴ ዱላም ይይዛል። «ተከባበሩ» ስንል ሁለት ወገን አለ፤ አንዱ ብቻውን ሊከባበር አይችልም። በእነዚህ ሁሉ መካከል «አከበረ» አለ። ያቺ «አ» ትንሽ ናት፤ ግን ትርጉሟ «እንዲከብር አደረገ» ነው። «አክብሮት»ም በግእዙ የዚህ ግስ ንዑስ አንቀጽ ነው፤ በአማርኛ «ማክበር» እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ አክብሮት ከጅምሩ የሥራ ስም ነው። ልብ ውስጥ ተኝቶ የሚውል ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያቺ «አ» ባላስፈለገች ነበር።

ምን ዓይነት ሥራ ነው? ተማሪዎቼን አንድ ጥያቄ እጠይቃቸው ነበር፦ በአማርኛ ምን ምን ይከበራል? ሰሌዳው ይሞላል። ሰው ይከበራል። በዓል ይከበራል። ሰንበት ይከበራል። ሕግ ይከበራል። ቃል ይከበራል። ቀጠሮ ይከበራል። ሰዓትም ይከበራል፤ ባይከበርም። ታዲያ አያትንና የትራፊክ መብራትን፣ ጥምቀትንና የጥርስ ሐኪም ቀጠሮን በአንድ ግስ ምን አገናኛቸው? ብዙ ዓመት ስንከራከርበት ቆይተን የደረስንበት ይህ ነው፦ በሁሉም ውስጥ ቆም ማለት አለ። በዓል የሚያከብር ሰው ሥራውን ያቆማል። መብራት የሚያከብር መኪናውን ያቆማል። ቀጠሮ የሚያከብር ሌላ ጉዳዩን ያቆማል። ሰው የሚያከብርም እንዲሁ ነው፤ የራሱን ነገር አቁሞ ለዚያ ሰው ጊዜ ይሰጣል።

ባህላችን ይህን በአካል ያስተምራል። ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው «ኖር!» ብሎ ይነሣል፤ የገባው ደግሞ «በእግዜር» ብሎ እንዲቀመጥ ይለምነዋል። ዕቃ ስንቀበል በሁለት እጃችን ነው፤ በአንድ እጅም ከሆነ ግራው የቀኙን ክንድ ይደግፋል። ሰዋስዋችንም ያውቅበታል። አንድ አባት መጥተው «መጡ» እንላለን፤ ብዙ ሰዎች ቢመጡም «መጡ» ነው የምንለው። አንዱን ሰው እንደ ብዙ እንቆጥረዋለን። ታዋቂ ሊቅንም «አንቱ የተባለ» እንለዋለን።

እዚህ ላይ የአማርኛ ትምህርት ክፍል ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝ መዝገበ ቃላት ጀመሩ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራውን ተረክበው በኢየሩሳሌምም በአገር ቤትም ብዙ ዓመት ደከሙበት፤ ታትሞ ሳያዩት ዐረፉ። የእሳቸው ደቀ መዝሙር አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ ረቂቁን ተረክበው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። አለቃ ደስታ ራሳቸው የመዝገበ ቃላት ሊቅ ናቸው፤ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የተባለው ትልቁ መጽሐፋቸው የወጣው ግን በ1962 ዓ.ም. ነው። የመምህራቸው መጽሐፍ ከእሳቸው መጽሐፍ አሥራ አራት ዓመት ቀደመ። እኔ «አክብሮት ምንድን ነው?» ተብዬ ብጠየቅ ትርጉም አልሰጥም፤ እነዚህን ሁለት ዓመተ ምሕረቶች ነው የማሳየው። የሌላውን ሰው ወረቀት ከራስ ወረቀት ማስቀደም።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልምጣ።

ዘመኑ 1985 ዓ.ም. ነው። ወጣት መምህር ነበርሁ። ቀን አስተምራለሁ፤ ማታ ኤክስቴንሽን አስተምራለሁ፤ በመካከሉ ለአንድ ጉባኤ የማቀርበው ጥናት ነበረኝ። በዚያ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ከማማክራቸው ልጆች አንዱ ከገጠር የመጣ፣ በጣም ጨዋ ልጅ ነበር። ጽሑፉ በተወለደበት ወረዳ ስላለው የሰላምታ አሰጣጥ ነው። ረቂቁን በሰማያዊ ቢክ ጥርት ባለ እጅ ጽፈት፣ በሉክ ወረቀት ጽፎ በሁለት እጁ አምጥቶ ሰጠኝ። እኔ በአንድ እጄ ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «እንደምን ዋሉ መምህር?» አለ። «እያየሁት ነው፤ ሰኞ ና» አልሁት። አላየሁትም ነበር። ሰኞ መጣ፤ እኔ አልነበርሁም። ከዚያ በኋላ አይገባም፤ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ሳልፍ ብድግ ብሎ «ኖር» ይለኛል። እኔም «በእግዜር» ብዬ አልፋለሁ። እስኪ አስቡት! ሰላምታው የአባቶች፣ ምላሹ የአባቶች፤ ወረቀቱ ግን መሳቢያ ውስጥ ነው። ደፋር ደፋሮቹ ተማሪዎች ቢሮዬን እያንኳኩ፣ እየተከራከሩ፣ አስተያየታቸውን ወስደው አስተየቡ። እሱ ግን ባየኝ ቁጥር ይነሣል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ ይለኝ ነበር። «እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል?» ብዬ ለጓደኞቼ አመስግኜዋለሁ።

የማስረከቢያው ቀን አለፈ። በሳምንቱ አንድ የማላውቀው ተማሪ ሳያንኳኳ ቢሮዬ ገባ። ሰላም አላለም። «አንተ!» አለኝ። ልብ በሉ፣ መምህሩን ነው። «አንተ፣ የልጁን ወረቀት ምን አደረግኸው? ስሙ ከተመራቂዎች ዝርዝር ወጥቷል። እናቱ ጌሾ ገዝታለች። እሱ እርስዎ እንዳይቀየሙት ብሎ ሊነግርህ አልቻለም» አለኝ። ከንዴቱ የተነሣ አንዴ አንተ፣ አንዴ እርስዎ እያለ ይቀላቅል ነበር። የዶርም ጓደኛው ኖሯል። በሩን ወርውሮት ወጣ።

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ወረቀት አወጣሁና ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርሁ፤ «ጉዳዩ፦ መምህሩን ስላዋረደ ተማሪ»። የክብር ጉዳይ ነዋ! ሁለት መስመር ጽፌ ወረቀቱ ተበላሸብኝና ሌላ ፍለጋ መሳቢያውን ሳብሁ። ሰማያዊው ቢክ ከላይ ነበር።

ደብዳቤውን ትቼ ረቂቁን ይዤ ቤቴ ገባሁ። በአንድ ሌሊት ጨረስሁት። አንድ ሌሊት ብቻ ነው የፈጀው! አራት ወር የነፈግሁት እሱን ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነበር። ስለ «ኖር» በጻፈበት ክፍል፣ የተነሣለት ሰው «በእግዜር» ሲል እንዲያው ቃል እየመለሰ እንዳልሆነ፣ ለተነሣው ሰው መልሶ መቀመጫውን እየሰጠው እንደሆነ ያብራራል። እኔ ቃሉን መልሼለት ነበር፤ መቀመጫውን ግን ወስጄበታለሁ።

በማግስቱ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ለመንሁ፤ ዝርዝሩ ሬጅስትራር ደርሶ ነበር፤ አልተቻለም። ልጁ የተመረቀው በዓመቱ ነው። ኮሪደሩ ላይ አግኝቼው ይቅርታ ጠየቅሁት። «ለምን ገብተህ አልጮኽህብኝም?» አልሁት። ዝም ብሎ ቆየና «አከብርዎት ነበር» አለኝ።

ያችን «ነበር» እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ቃላትን ለይቼ ለማየት እሞክራለሁ፤ አክብሮትንና ፍርሃትን። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ይነሣሉ፣ ሁለቱም ያጎነብሳሉ፣ ሁለቱም አንቱ ይላሉ። የሃይማኖት አባቶቻችን «ፈሪሃ እግዚአብሔር» ሲሉ ፍርሃትንና አክብሮትን አንድ ላይ ያኖራሉ፤ ፈጣሪ ፊት ሁለቱ አብረው ሊቆሙ ይችሉ ይሆናል። መምህር ግን ፈጣሪ አይደለም። መምህር ፊት ፍርሃት ሲበዛ አክብሮት ይሸሻል፤ የሚፈራ ሰው እውነቱን አይነግረንማ። ያ ጨዋ ልጅ አንቱ እያለኝ ስለ ራሱ ዝም አለ። ያ ባለጌ ያልሁት ልጅ አንተ ብሎኝ ስለ ጓደኛው ተናገረ። በዚያ ቢሮ ውስጥ በዚያ ቀን ሰው ያከበረ ማን ነበር?

አንቱታ ይቅር እያልሁ አይደለም፤ እንዳትሳሳቱብኝ። እኔ አንቱ ስባል የምወድ ሽማግሌ ነኝ። ግን አንቱታ የሚቀበል ሰው ዕዳ እየገባ መሆኑን ይወቅ ነው የምለው። ሰው ሲነሣልህ አንድ ነገር አቁሟል፤ አንተም በተራህ አንድ ነገር ማቆም አለብህ። መከባበር ማለት ይኸው ነው፤ ነገርኋችሁ፣ ሁለት ወገን ከሌለው ግሱ ራሱ አይቆምም።

ከዚያ ዓመት በኋላ ያደረግሁት ነገር ትንሽ ነው። የተማሪ ወረቀት በተቀበልሁ ቁጥር ጥጉ ላይ ሁለት ቀን እጽፍ ጀመር፤ የተቀበልሁበትን ቀንና የምመልስበትን ቀን። ሁለቱንም ተማሪው እያየ ነው የምጽፈው። «ይህ ቀን ካለፈ መጥተህ፣ መምህር ቀኑ አልፏል በለኝ፤ ካላልኸኝ እቀየምሃለሁ» እለው ነበር። መጀመሪያ ይሽኮረመማሉ። እየቆዩ ለመዱት። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብዙ ጊዜ «መምህር፣ ቀኑ አልፏል» ተብያለሁ። በሰማሁት ቁጥር ደስ ብሎኛል አልልም፤ ግን የከበርሁ ያህል ተሰምቶኛል፤ ይህ ሰው ቃሉን ያከብራል ብለው ስላመኑብኝ ነውና የጠየቁኝ። ዛሬ በማስተማር ላይ ያላችሁ ወጣት ባልደረቦቼ፣ ከእኔ የምትወስዱት አንድ ነገር ካለ ይህንን ውሰዱ። ቢክና ሁለት ቀን ነው የሚፈልገው።

ይህን ታሪክ ለመናገር ባለቤቱን ማስፈቀድ ነበረብኝ። ባለፈው ሳምንት ስልኩን አፈላልጌ ደወልሁለት። ዛሬ በአገሩ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። «ይናገሩት፤ ስሜን ብቻ ይተዉት» አለኝ። ከዚያም ትንሽ አሰብ አደረገና «አንድ ነገር ግን ይጨምሩልኝ፤ ያን ጓደኛዬን ባለጌ ነበር ብለው እንዳይተዉት። ለእኔ ሲል ነው እንጂ እሱስ እርስዎን ሲያይ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለኝ።

ይህን አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደፋር ልጅ ነው እያልሁ ነው ያሰብሁት። እየፈራ ነው ለካ የገባው!

ይህ ንግግር በዓመታዊ መጽሐፋችን ላይ ይወጣል ብለውኛል፤ መጽሐፉ ደግሞ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፣ የእኛ ሰው ባለበት ሁሉ ይደርሳል። እንግዲህ ያ ተማሪ በአንዱ ቦታ ሆኖ ቢያነብበው፣ በሕዝብ ፊት የምለው ይህን ነው፦ ያ ደብዳቤ አልተላከም። በዚያ ቀን አንተ ብለውኛል፤ እኔ ግን ዛሬ እርስዎን አንቱ እላለሁ። ትክክል ነበሩ። ቢሮዬን ሳያንኳኩ ስለ ገቡ ክብረት ይስጥልኝ።

እናንተንም ሃያ ደቂቃችሁን ስለ ሰጣችሁኝ ክብረት ይስጥልኝ። ካለፈም «ቀኑ አልፏል» በሉኝ።